የክሪኬቱ ልጅና የጦሩ ሻምበል

በልጅነቱ የተመሰገነ ሰው ምስጋናው ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል። አንዳንዱን ይረዳዋል፤ አንዳንዱን ግን ይጋርደዋል። ዛሬ የምናነሣው እንግሊዛዊ፥ አርተር ኮሊንስ፥ ከተጋረዱት አንዱ ነው። ስሙን የሰሙ ሰዎች የሚያውቁት በአንድ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም 628 ነው።

ኮሊንስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. በሕንድ አገር ሐዛሪባግ በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። አባቱ በዚያ አገር በእንግሊዞች አስተዳደር ዳኛ ነበር። ልጁ በብሪስቶል ከተማ ወደሚገኘው ክሊፍተን ኮሌጅ ሲገባ ግን እናትም አባትም አልነበሩትም።

ክሪኬት ለብዙዎቻችን እንግዳ ጨዋታ ስለ ሆነ ሁለት ቃል እንበል። ወርዋሪው ኳሱን ወርውሮ ከመቺው በስተኋላ የተተከሉትን ሦስት ቀጫጭን እንጨቶች ለመምታት ይሞክራል፤ መቺው ደግሞ ኳሱን በጠፍጣፋ እንጨት መትቶ ካራቀ በኋላ ከዳር እስከ ዳር በሮጠ ቁጥር ነጥብ ይቆጠርለታል። እንጨቶቹ እስኪመቱበት ወይም የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ እስኪቀለብበት ድረስ ቦታውን አይለቅም። የትዕግሥት ጨዋታ ነው።

በጁን ወር 1899 ዓ.ም. የኮሌጁ ታናናሽ ተማሪዎች በየማደሪያቸው ተከፍለው ሲጋጠሙ የ13 ዓመቱ ኮሊንስ መምቻውን ይዞ ገባ። ጨዋታው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ እርሱ ብቻ 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሲመታ ቆየ። ከዚያ በፊት የተመዘገበው ከፍተኛ ውጤት 485 ነበርና ወደዚያ እየተጠጋ ሲሄድ ተመልካቹም እየበዛ ሄደ። ጓደኞቹ ሁሉ ወጥተው ሲያልቁ እርሱ 628 ነጥብ ይዞ ሳይሸነፍ ቀረ። ቡድኑ በጠቅላላው 836 ሲያገባ፥ ተጋጣሚዎቹ ሁለት ጊዜ ተራ ደርሷቸው ያገኙት ተደምሮ 148 ብቻ ነው። ከነጥብ ጸሐፊዎቹ አንዱ፥ ቁጥሩ በሃያ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል እንደሚችል ተናግሯል ይባላል። በመዝገብ ቤት የምትሠሩ ወጣቶች ይህን ሰው ሳታዝኑለት የምትቀሩ አይመስለንም።

ከዚያ በኋላ የነበረውን የኮሊንስን ሕይወት የሚያወሳ ግን ጥቂት ነው። ክሪኬት እንጀራው አልሆነም፤ አንደኛ ደረጃ በሚባለው ውድድርም አንድ ቀን እንኳ አልተሰለፈም። ዉሊች በሚገኘው የጦር አካዳሚ ተምሮ በ1904 ዓ.ም. በመሐንዲስ ጦር ውስጥ መኮንን ሆነ፤ በሕንድ አገር አገለገለ፤ በ1913 ሻምበልነት ተሾመ፤ በሚከተለው ዓመት ጸደይ አገባ። የመሐንዲስ ጦር ሥራው ድልድይ መሥራት፥ መንገድ መጥረግ፥ ምሽግ መቆፈር ነው። ይህን ሥራ እየተከታተለ ነጥብ የሚጽፍ፥ ከዳር ቆሞ የሚያጨበጭብ ሰው የለም። እኛ ኮሊንስን የምናከብረው ይልቁንም ስለ እነዚህ አሥር ዓመታት ነው።

ባገባበት ዓመት በኦገስት ጦርነቱ ተነሣ። ኖቬምበር 11 ቀን 1914 ዓ.ም. በቤልጅክ አገር በኢፕር ከተማ አጠገብ የፕሩስያ የክብር ዘብ የእንግሊዝን መሥመር ሰብሮ ሲገባ፥ እግረኛው ወታደር አልቆ ስለ ነበር መሐንዲሶቹም ጠመንጃ አንሥተው ተዋጉ። ሻምበል ኮሊንስ የምሽጉን ጎን የሚጠብቅ ተጨማሪ ሰው እንዲላክለት በምልክት ሲጠራ ክፉኛ ቆሰለ። ጎትተው ወደ ምሽጉ አስገቡት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሞተ። ዕድሜው 29 ዓመት ነበር።

በዚያ ግንባር የእርሱ ክፍል የነበረበት ኮር አዛዥ ጄኔራል ዳግላስ ሄግም የክሊፍተን ተማሪ የነበረ ሰው ነው። ሄንሪ ኒውቦልት የተባለው ባለ ቅኔም ከዚያው ትምህርት ቤት ወጥቶ፥ በ1890ዎቹ በጻፈው ዝነኛ ግጥም የተማሪ ቤቱን የክሪኬት ሜዳና የበረሓውን ጦርነት አንድ አድርጎ አቅርቧል። ብዙ ልጆች ይህን በቃላቸው አጥንተው አደጉ። እኛ የማንስማማው በዚህ ላይ ነው። የኮሊንስን ጀግንነት ለማሳነስ አይደለም፤ ለጓደኞቹ ረዳት ሲጠራ የወደቀ ሰው ነውና። ነገር ግን በጨዋታ የተሸነፈውም ቢሆን ማታ ወደ ቤቱ ይገባል። ጦርነትን ለልጅ በጨዋታ መልክ የሚያስተምር ትልቅ ሰው ልጁን አታለለው እንላለን። በሜዳው ላይ የሮጠው ሩጫ ሁሉ ተቆጥሮ እስከ ዛሬ ተጠብቋል፤ በኢፕር የተቀበረበት ስፍራ ግን በዚያው ጦርነት ጠፋ።

ክብረ ወሰኑን በጃንዋሪ 2016 ዓ.ም. ፕራናቭ ዳናዋዴ የተባለ የ15 ዓመት ሕንዳዊ ተማሪ፥ ባለ ሦስት እግር ታክሲ የሚነዳ ሰው ልጅ፥ በሙምባይ አቅራቢያ 1,009 ነጥብ አግብቶ ሰበረው። የኮሊንስ ስም መቃብራቸው ካልታወቀ ከ54,000 በላይ ወታደሮች ስም ጋር በኢፕር በሜኒን በር ላይ ተቀርጿል፤ በዚያም በየቀኑ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን መኪናው ሁሉ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል።