ሕጉ ያልደረሰበት ምርጫ

በስልክና በኮምፒውተር ላይ «እንቅስቃሴ ይቀነስ» የሚል ምርጫ አለ፤ የሚወዛወዝ ምስል ራሳቸውን ለሚያዞራቸው ሰዎች ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ድረ ገጾች ይህን ምርጫ በሲኤስኤስ ሚዲያ ኩዌሪ አማካይነት ሊያውቁ ይችላሉ። ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፋየርፎክስ በ2018፣ ክሮም በ2019 ድጋፉን አካትተዋል። እንግዲህ እንቅፋቱ ቴክኖሎጂው አይደለም።

ክፍተቱ ያለው በሕጉ ላይ ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ያወጣው ደንብ የግዛትና የከተማ አስተዳደሮች ድረ ገጾች የደብሊውሲኤጂ 2.1ን «ድርብ ኤ» ደረጃ እንዲያሟሉ ያዛል። ተጠቃሚው ገጹን ሲነካ የሚነሣውን እንቅስቃሴ ማጥፋት መቻል ግን የተመደበው ከዚያ በላይ ባለው «ሦስት ኤ» ደረጃ ነው። ስለዚህ ደንቡን ያሟላ ገጽ እንኳ የተጠቃሚውን ምርጫ ችላ ሊል ይችላል።

ፓሳዴናና ሎስ አንጀለስ ደንቡ እስኪሻሻል መጠበቅ አይኖርባቸውም። በድረ ገጽ ግዢ ውላቸው ውስጥ «ገጹ ተጠቃሚው በመሣሪያው ላይ የመረጠውን የእንቅስቃሴና የቀለም ንጽጽር ያክብር» የሚል አንድ አንቀጽ ያስገቡ፤ ይህም ሳይፈተሽ ርክክብ አይፈጸም። ለባለሙያው ሥራው ጥቂት የኮድ መስመሮች ነው፤ በፌርፋክስ ጎዳና ለሚኖሩ አረጋዊት እናት ግን ማመልከቻቸውን ያለ ረዳት ሞልተው የመጨረስ ጉዳይ ነው።