ፊዚክስ የት ያበቃል? ከጆን ሆፕፊልድ የምርምር ሕይወት የሚቀሰም ትምህርት

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የፊዚክስ ተማሪ ወደ ሌላ ትምህርት ክፍል ለመዛወር የጻፈውን ማመልከቻ ይዞ ቢሮዬ መጣ። ውጤቱ መልካም ስለ ነበር የመዛወሩን ምክንያት ጠየቅሁት። «መምህር፣ እኔን የሚስበኝ ኮምፒዩተርና የአእምሮ አሠራር ነው። ፊዚክስን ከእነዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ሲል መለሰልኝ።

ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም። በኦክቶበር 2024 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) የስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ የዓመቱን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለጆን ሆፕፊልድና ለጄፍሪ ሂንተን መስጠቱን ሲያስታውቅ፣ ከፊዚክስ ሰዎች መካከል እንኳ «በሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ ላይ የተሠራ ሥራ ፊዚክስ ነውን?» ብለው የጠየቁ አልታጡም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መልስ «አዎን፣ ነው» የሚል ነው። ይህንንም ለማስረዳት ከሆፕፊልድ የምርምር ጉዞ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ሆፕፊልድ በ1933 በቺካጎ ከተማ ተወለዱ። አባታቸውም እናታቸውም የፊዚክስ ባለሙያዎች ነበሩ። በ1958 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት ብርሃን በክሪስታል ውስጥ በሚያልፍበት ጊዜ ስለሚሆነው ነገር ባደረጉት ጥናት ነው። ብርሃኑና የክሪስታሉ ውስጣዊ መነቃቃት ተዋሕደው እንደ አንድ የኳንተም አካል እንደሚንቀሳቀሱ አሳዩ፤ ይህ አካል ዛሬ ፖላሪቶን በመባል ይታወቃል። ከዚያም በቤል ላቦራቶሪዎች፣ በበርክሌይና በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የጠጣር አካላትን ፊዚክስ ሲመረምሩና ሲያስተምሩ ቆዩ። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ስማቸው በአንድ ጠባብ ዘርፍ ውስጥ ተከብሮ ይኖር ነበር።

ነገር ግን አላቆሙም። በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ ያነሡት ጥያቄ ከክሪስታል ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ሕያው ሕዋስ ፕሮቲን በሚሠራበት ጊዜ የሚፈጽመው ስሕተት እንዴት ይህን ያህል አነስተኛ ሊሆን ቻለ? ተቀራራቢ ሞለኪውሎችን በኢነርጂ ልዩነታቸው ብቻ ለይቶ የሚመርጥ ሥርዓት ከመቶ አንድ ጊዜ ያህል ቢሳሳት የሚያስደንቅ አይደለም። ሕዋስ ግን የሚሳሳተው ከአሥር ሺህ አንድ ጊዜ ገደማ ነው። ሆፕፊልድ የሰጡት መልስ፣ ሕዋስ ተጨማሪ ኢነርጂ አውጥቶ ምርጫውን ሁለተኛ ጊዜ ይፈትሻል የሚል ነበር። የመቶኛ መቶኛ አሥር ሺህኛ ነውና ቁጥሩ ገጠመ። ልብ እንበል፤ ጥያቄው የሥነ ሕይወት ነው፣ የተመለሰበት መንገድ ግን የፊዚክስ ነው።

በ1977 ስለ ነርቭ ሳይንስ በሚመክር አንድ ስብሰባ ላይ እንዲናገሩ ተጋበዙ። ስለ ነርቭ የሚያውቁት ጥቂት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን «አእምሮ እንዴት ያስባል?» የሚለው ጥያቄ አልለቀቃቸውም። በ1980 ወደ ካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭሩ ካልቴክ ወደሚባለው ተዛወሩ፤ የተሰጣቸውም ወንበር የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ፕሮፌሰርነት ነበር። በ1982 ዝነኛውን አጭር ጽሑፋቸውን አሳተሙ።

የጽሑፉን ፍሬ ነገር ለመረዳት ወደ እንጦጦ እንውጣ። በተራራው ጫፍ ላይ የወረደ ዝናብ ሁለት ዕጣ አለው። በሰሜን በኩል የወረደው በገደሎቹ አድርጎ ወደ ዓባይ ይገባል፤ በደቡብ በኩል የወረደው በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ ይፈስሳል። ጠብታው መንገዱን አያውቀውም። ከወደቀበት ቦታ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ መውረድ ብቻ ይበቃዋል። ሆፕፊልድ ትውስታም እንዲሁ ነው አሉ። እያንዳንዱ ትውስታ አንድ ሸለቆ ነው። ቡና ሲቆላ ሽታው ብቻ ደርሶን የእናታችን ቤት ሙሉ በሙሉ ፊታችን የሚደቀነው፣ ከፊል መረጃው በሸለቆው አፋፍ ላይ ስለሚጥለንና ቀሪውን ቁልቁለቱ ራሱ ስለሚያደርሰን ነው።

ይህ ምሳሌ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በሒሳብ ተጻፈ። የመረቡ እያንዳንዱ ነርቭ ሁለት ሁኔታ ብቻ አለው፤ ወይ +1 ነው፣ ወይ −1። በማናቸውም ሁለት ነርቮች መካከል ጥንካሬው የሚለያይ ግንኙነት አለ። ለዚህ መረብ የሚጻፈው የኢነርጂ ቀመር የፊዚክስ ሰዎች በማግኔት ውስጥ ያሉ አቶሞችን ለመግለጽ ከሚጠቀሙበት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ግንኙነቱ ከሁለቱም ወገን እኩል እስከ ሆነና ነርቮቹ በየተራ ራሳቸውን እስካስተካከሉ ድረስ የመረቡ ኢነርጂ አይጨምርም፤ ስለዚህም መረቡ የግድ ከአንድ ሸለቆ ላይ ደርሶ ያርፋል። የትውስታው ቦታ የቱ ነርቭ ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ትውስታው በሁሉም ውስጥ ነው፤ የትኛውም ብቻውን አያስታውስም። አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ይህን የመሰለውን ነገር ነው።

እውነቱን ለመናገር ሆፕፊልድ የመጀመሪያው አልነበሩም። ጃፓናዊው ሹንኢቺ አማሪ በ1972፣ አሜሪካዊው ዊልያም ሊትል ደግሞ በ1974 ተቀራራቢ ሐሳቦችን አሳትመው ነበር። የሆፕፊልድ ድርሻ ኢነርጂን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ አድርገው ማሳየታቸውና ስለ ማግኔት ሲመራመሩ የኖሩ የፊዚክስ ሰዎችን ወደ አእምሮ ጥናት የሚያስገባ በር መክፈታቸው ነው። በዚያ በር ከገቡት መካከል ተመራማሪዎቹ አሚት፣ ጉትፍሮይንድና ሶምፖሊንስኪ ይገኙበታል። እነርሱም በ1985 ብዙ ነርቮች ያሉት መረብ ሳይምታታበት የሚይዘው የትውስታ ብዛት ከነርቮቹ ብዛት 14 በመቶ ያህል መሆኑን በማግኔት ፊዚክስ ስሌት አረጋገጡ።

ለዩኒቨርሲቲዎች ትልቁ ትምህርት ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። ከ1981 ጀምሮ በካልቴክ ሦስት ሰዎች፣ ማለትም ጆን ሆፕፊልድ፣ ሪቻርድ ፋይንማንና ካርቨር ሚድ፣ «የስሌት ፊዚክስ» የሚል አንድ ኮርስ በጋራ መስጠት ጀመሩ። አንዱ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ወንበር ላይ የተቀመጡ የፊዚክስ ሰው፣ ሌላው የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ሊቅ፣ ሦስተኛው የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ነበሩ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ተፈጥሮ ማስላት የምትችለው እንዴት ነው? ገደቧስ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ዓመት መሥመሩን የያዘ እንዳልነበረ ሆፕፊልድ ራሳቸው በኋላ መስክረዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሦስቱ ተለያይተው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ኮርስ ማስተማር ያዙ። ሦስቱ የተከተሏቸው መንገዶች ግን ዛሬ ሦስት ታላላቅ የምርምር ዘርፎች ሆነዋል።

ሆፕፊልድ የሄዱበትን አይተናል። ሚድ ደግሞ ትራንዚስተር «ጠፍቷል» ሊባል በሚችልበት ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚያሳልፈው አነስተኛ ኤሌክትሪክ፣ በነርቭ ሽፋን ላይ ካሉት የአዮን መተላለፊያዎች ጋር ተመሳሳይ ጠባይ እንዳለው አስተዋሉ። ተማሪያቸው ሚሻ ማሆዋልድ ከእርሳቸው ጋር ሆና የዓይንን ሬቲና አሠራር የሚከተል የሲልከን ቺፕ ሠራች። ሚድ ይህን ዘርፍ ኒውሮሞርፊክ ብለው ሰየሙት፤ የነርቭን መልክ የያዘ ማለት ነው። ጥቅሙ ምን ላይ እንደሆነ ቁጥር ይናገራል። የሰው አእምሮ የሚሠራው በ20 ዋት ገደማ ነው፤ ይህም ከአንድ ተራ አምፖል ያነሰ ነው። በ2022 የዓለማችን ፈጣን ኮምፒዩተር የተባለው ፍሮንቲየር በአንጻሩ 20 ሚሊዮን ዋት ያህል ይፈልጋል። አይቢኤም በ2014 ያስተዋወቀው ትሩኖርዝ የተባለ ኒውሮሞርፊክ ቺፕ አንድ ሚሊዮን ሰው ሠራሽ ነርቮችን ይዞ ከአንድ ዋት አንድ አሥረኛ በታች በሆነ ኃይል ሠርቷል። ኤሌክትሪክ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ለሚኖር ተማሪ ይህ ቅንጦት ሳይሆን ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ፋይንማን ደግሞ በ1981 ባሰሙት ንግግር፣ የኳንተምን ዓለም በተራ ኮምፒዩተር መምሰል አዳጋች ከሆነ ኮምፒዩተሩ ራሱ በኳንተም ሕግ የሚሠራ ይሁን የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አስቸጋሪነቱ እውነት ነው። የ50 ኪውቢቶችን ሁኔታ ሙሉ በሙሉ ለመጻፍ ከሺህ ትሪሊዮን በላይ ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። ዴቪድ ዶይች በ1985 ሐሳቡን በሒሳብ መሠረት ላይ አቆሙት፤ ፒተር ሾር በ1994 ትልልቅ ቁጥሮችን ወደ አካፋዮቻቸው የሚበትን የኳንተም ዘዴ አገኙ። ከሁሉ የሚገርመው መንገዶቹ ተመልሰው መገናኘታቸው ነው። ካዶዋኪና ኒሺሞሪ የተባሉ ጃፓናውያን በ1998 ያቀረቡት የኳንተም ስሌት ዘዴ የሚያሰላው ያንኑ የማግኔት ኢነርጂ ቀመር ነው። ልዩነቱ፣ በዚህ ዘዴ ሥርዓቱ ጥልቁን ሸለቆ ሲፈልግ ኮረብታውን መውጣት ሳያስፈልገው በኳንተም ጠባዩ ሰንጥቆት ሊያልፍ መቻሉ ነው። አንድ ቀመር ማግኔትን፣ ትውስታንና የኳንተም ኮምፒዩተርን እንዲህ አስተሳሰረ።

«ሆፕፊልድ ይህን ማድረግ የቻሉት ሀብታም ላቦራቶሪዎች ከኋላቸው ስለነበሩ ነው» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው። ዘርፍ መቀየር ዋጋ ያስከፍላል፤ የተረጋጋ ሥራና ታጋሽ ተቋም የሌለው ሰው ይህን ዋጋ ለመክፈል ይቸገራል። ከዚህም በላይ፣ ሆፕፊልድ ወደ አእምሮ የተሻገሩት የጠጣር አካላትን ፊዚክስ ለሃያ ዓመታት ያህል ጠልቀው ካወቁ በኋላ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ከሁሉም ጥቂት ጥቂት መቅመስ ድልድይ አይሠራም። ድልድይ ቢያንስ በአንደኛው ዳርቻ ጽኑ መሠረት ያሻዋል።

ይሁን እንጂ የሥራው ዋነኛ ክፍል ገንዘብ የጠየቀ አልነበረም። በ1982ቱ ጽሑፍ ከተሞከሩት መረቦች አንዱ 30 ነርቮችና 435 ግንኙነቶች ብቻ ነበሩት። በየትኛውም የኮምፒዩተር ክፍላችን ያለ አሮጌ ማሽን ይህን በቅጽበት ያሰላዋል። ውድ አንባቢ፣ እርስዎም ይሞክሩት። አምስት በስድስት የሆነ የአራት ማዕዘን ሰሌዳ ይሥሩ፤ 30 ነርቮች ማለት ነው። እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ሦስት ፊደላትን በጥቁርና በነጭ ይሣሉበት። በእያንዳንዱ ፊደል ሁለት አራት ማዕዘኖች አንድ ዓይነት ቀለም ከያዙ በመካከላቸው ባለው ግንኙነት ላይ አንድ ይደምሩ፤ ከተለያዩ አንድ ይቀንሱ። ከዚያ አንዱን ፊደል ከፊሉን አበላሽተው ይስጡትና እያንዳንዱ ነርቭ በየተራ የሌሎቹን ድምር እየተከተለ ራሱን እንዲያስተካክል ያድርጉ። የተበላሸው ፊደል ብዙውን ጊዜ ተጠግኖ ይመለሳል። ቀጥለው «ሰ»ን እና «ሸ»ን አብረው ያስተምሩት፤ ሁለቱን ሲያምታታ ያያሉ። ለምን እንደተምታታበት መጠየቅ የጀመሩ ዕለት ተመራማሪ ሆነዋል።

ፋኩልቲያችንም ከዚህ ሊማር ይገባዋል። አንድ የፊዚክስ፣ አንድ የባዮሎጂና አንድ የኮምፒዩተር ሳይንስ መምህር በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው የሚያስተምሩት ኮርስ ለመክፈት የሚያስፈልገው ሦስት ፈቃደኛ ሰዎችና አንድ የመማሪያ ክፍል ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቢንገዳገድ አያሳፍርም፤ የካልቴኩም እንደዚያው ነበር።

ያ ተማሪ ማመልከቻውን ለጊዜው ይዞት ተመልሷል። ቢዛወርም አልከፋበትም፤ የሚወስነው ስለ ራሱ ሕይወት ነውና። የነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሆፕፊልድ ለትውስታ መረባቸው የበለጠ አቅም የሚሰጥ አዲስ ቀመር ከዲሚትሪ ክሮቶቭ ጋር ያሳተሙት በ2016 ነበር፤ በዚያ ዓመት 83 ዓመት ሞላቸው። የትምህርት ክፍላቸው ስም በየጊዜው ተለዋውጧል፤ የሚጠይቁበት መንገድ ግን ያው የፊዚክስ መንገድ ሆኖ ኖሯል።