ልጆቻችንን ቆጥረናቸዋልን?



የአዳማና የአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ለሽርሽር ሶደሬ ማውረዳቸው የቆየ ልማድ ነው። መንገዱ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ፍል ውሃው፣ መዋኛው፣ ጦጣውና የአዋሽ ዳር ጥላ ልጅን ሁሉ ይጠራሉ። እኛም በአንድ የግንቦት ቅዳሜ ልጆቻችንን ይዘን ከአንድ የግል ትምህርት ቤት ጋር ከወረዱት ወላጆች መካከል ነበርን።

እስከ ቀትር ሁሉም ነገር መልካም ነበር። ዙህር ተሰግዶና ምሳ ተበልቶ ልጆቹ ገሚሱ ወደ መዋኛው፣ ገሚሱ ወደ ወንዙ ዳር ተበተኑ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ ነፋሱ አቧራ አነሳ፤ ቀጥሎ ነጎድጓድ፤ ከዚያም በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። መምህራኑ «ኑ፣ ተሰብሰቡ!» እያሉ ቢጣሩም የት እንደሚሰበሰቡ ለልጆቹ አስቀድሞ የነገራቸው አልነበረም። ከፊሉ ትልቅ ዛፍ ሥር ተጠለለ፤ ከፊሉ ወደ አውቶቡሱ ሮጠ፤ ጥቂቶቹ ከውሃው ለመውጣት እንኳ እምቢ አሉ።

ዝናቡ ሲያባራ «ስንት ነበርን?» ተባለ። አንዱ መምህር 62 አለ፤ ሌላው 64። የስም ዝርዝሩ ትምህርት ቤት ቀርቷል። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ግን በዓይን አልታይ አለ። እናቱ አብራን ነበረችና ወንዙን እያየች መጮህ ጀመረች። ከግማሽ ሰዓት ፍለጋ በኋላ ልጁ በልብስ መቀየሪያው ክፍል ጥግ ጆሮውን ደፍኖ ተቀምጦ ተገኘ። ነጎድጓዱ አስፈርቶት ነበር። አልሐምዱሊላህ! ያ ግማሽ ሰዓት ግን እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም።

ይህን የምንጽፈው መምህራኑን ለመውቀስ አይደለም። እኛ ወላጆችስ ገንዘቡን ስንከፍል ስለ ምሳውና ስለ አውቶቡሱ ጠየቅን እንጂ ስለ ዝናቡ የጠየቀ ማን ነበር?

«ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ምን ያሰጋል?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ትልቁ ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ነገር ግን ነጎድጓድና በረዶ ያለበት የበልግ ዝናብ የሚወርደው ልጆቻችን ክፍል ውስጥ ባሉበት ወራት ነው። በክረምቱስ ቢሆን ልጆቻችን በክረምት ትምህርትና በመድረሳ አይውሉምን?

የአካባቢያችንንም ጠባይ ማወቅ ይገባል። አዳማ በኮረብታ የተከበበች ረባዳ ከተማ ናት፤ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ ወደ መንደሩና ወደ መንገዱ ይገባል። ነፋሷም የዋዛ አይደለም። በአዳማ አንድና በአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት ነፋሷ ብርቱ ስለሆነ ነው። ይኸው ነፋስ በደንብ ያልተመታ ቆርቆሮ ይገነጥላል።

አዋሽን ደግሞ በሶደሬ ሰማይ ብቻ መገመት አይቻልም። ወንዙ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ በጀመረው የቆቃ ግድብ አልፎ፣ በወንጂ በኩል ወደ ሶደሬ ይወርዳል። ስለዚህ ሶደሬ ላይ ፀሐይ እየወጣች እንኳ ደጋ የጣለው ዝናብ ወይም ከግድቡ የተለቀቀው ውሃ ወንዙን ሊያሳድገው ይችላል። ድሬዳዋን እናስታውስ። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከተማዋ ተኝታ ሳለ በዙሪያዋ ካለው ደጋ የወረደው ውሃ ደቻቱን ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ።

ዝግጅት ለውጥ እንደሚያመጣ ባንግላዴሽ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 የመጣው ማዕበል በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ጨረሰባት። ከዚያ በኋላ አገሪቱ በጎ ፈቃደኞችን አሠለጠነች፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችንም በማዕበል ጊዜ መጠለያ እንዲሆኑ አድርጋ ሠራች። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ ማዕበል ሲመጣ ከ3,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። ይህም መራራ ነው፤ ከፊተኛው ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ታዲያ ትምህርት ቤቶቻችን ምን ይለማመዱ?

አንደኛ፣ ቆጠራ። የስም ዝርዝሩ በሁለት ቅጂ ይያዝ፤ አንዱ ከኃላፊው መምህር፣ ሌላው ከሾፌሩ ጋር ይሁን። እያንዳንዱ መምህር የራሱን አሥር ወይም አሥራ አምስት ልጆች ይወቅ።

ሁለተኛ፣ መሰብሰቢያ። ልጆቹ ከአውቶቡስ እንደ ወረዱ፣ ገና ሳይበተኑ፣ «ፊሽካ ሲነፋ እዚህ» ተብሎ ቦታው ይታያቸው፤ አንድ ጊዜም በተግባር ይሞከር።

ሦስተኛ፣ መብረቅ። ነጎድጓድ ሲሰማ ከውሃ መውጣት፣ ከዛፍና ከሽቦ አጥር መራቅ ያስፈልጋል። መጠለያው ግድግዳና ጣሪያ ያለው ቤት ወይም መስኮቱ የተዘጋ አውቶቡስ ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ይጠበቅ።

አራተኛ፣ ጎርፍ። 15 ሳንቲ ሜትር ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል፤ 30 ሳንቲ ሜትሩ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ስለዚህ መንገድ በጎርፍ ከተያዘ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይቆዩ እንጂ ወደ ቤት አይለቀቁ። ወላጅም «ቶሎ ልቀቁልኝ» ብሎ አያጨናንቅ።

አምስተኛ፣ በር። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች በተከራዩት መኖሪያ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ በሩ አንድ፣ መስኮቱ በብረት የታጠረ። የሁለተኛው በር ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ይታወቅ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 በግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ይህን ሁሉ ማውራት ብቻ አይበቃም፤ ቢያንስ በየመንፈቁ አንድ ጊዜ በተግባር መደረግ አለበት። ልጆቻችንን ሶላት ግዴታ ሳይሆንባቸው በፊት ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ የምናለማምዳቸው ጊዜው ሲደርስ እንዳይከብዳቸው አይደለምን? ይህም እንደዚያው ነው። የፈራ ልጅ የሚያደርገው የለመደውን ነው።

«ሁሉም በአላህ ቀደር ነው» የሚሉ ወገኖቻችን አሉ፤ እኛም ይህንኑ እናምናለን። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው አስቀድሞ እንዲያስራት፣ ከዚያም እንዲመካ መመለሳቸው በቲርሚዚ ተዘግቧል። ኢብኑ ዐባስም በአንድ ዝናባማ ቀን ሰዎች በጭቃ እንዳይቸገሩ በቤታቸው እንዲሰግዱ ሙአዚናቸውን አዝዘዋል። ለጁሙዓ እንኳ ዝናብ ከታሰበ፣ ለሽርሽር እንዴት አይታሰብ?

ውድ ወላጆች፣ በመጪው ምዝገባ ስለ ክፍያ፣ ስለ መጽሐፍና ስለ ዩኒፎርም ስትጠይቁ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ዝናብ ቢመጣ ልጄ የት ይሰበሰባል? ማንስ ይቆጥረዋል?» መልስ ከሌለ ተቆጥታችሁ አትውጡ፤ ተቀምጣችሁ አብራችሁ አዘጋጁት።

ወሰላሙ ዐለይኩም።