የሩቅ ዘመዳሞች

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ይላል ያገራችን ሰው። ይሁን እንጂ ዘመድ አጥቶ ሳይሆን ዘመዱ ማን እንደ ሆነ ባለማወቁ ብቻ እንደ ባይተዋር የሚኖር ሰው አለ። ዜማም እንደ ሰው ነው፤ ካገሩ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ልብሱን ለውጦ ወደ ተወለደበት ደጅ ሲመለስ የገዛ ቤተሰቡ ሳያውቀው በር ላይ ሊያስቆመው ይችላል። በዚህ ወር ከአንባቢዎቻችን ጋራ የምንነጋገረው እንዲህ ስላለ እንግዳ ነው።

ከሾላ አንሥቶ በመገናኛና በላምበረት አድርጎ እስከ ኮተቤ ባለው በየካ ሰፈር የሚኖሩ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ልጃችን ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ቀንና ሌሊት ራፕ የሚሉትን የባዕድ ልፍለፋ ይሰማል፤ ምን እናድርገው?» የሚል ነው። አንዳንዱ አባት ስልኩን ይቀማል፤ አንዳንዲቱ እናት ዝም ብላ ታዝናለች፤ በመካከሉ ግን ወላጅና ልጅ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ ቋንቋቸው ይለያያል። ስለዚህ ከመፍረዳችን አስቀድመን ነገሩ ከየት እንደ መጣ እንመርምር፤ ሳይመረመር የተሰጠ ፍርድ ለዳኛውም ለተከሳሹም አይበጅምና።

ሂፕ ሆፕ የተባለው የሙዚቃ ስልት መነሻው ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በተባለው ሰፈር፣ በአንድ የኪራይ ሕንፃ የመሰብሰቢያ ክፍል የተደረገ የወጣቶች ግብዣ ነው ይባላል። ግብዣውን ያሰናዳችው ሲንዲ ካምቤል የተባለች ወጣት ስትሆን፣ ሸክላውን ያጫወተው ወንድሟ ክላይቭ፣ በቅጽል ስሙ ኩል ሄርክ የሚባለው ነው። ይህ ወጣት በጃማይካ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የፈለሰ ነበር። ሰዉ ይበልጥ የሚጨፍረው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻ በሚቀርበት አጭር ክፍል መሆኑን ስላስተዋለ፣ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ሸክላዎችን በሁለት ማጫወቻ ላይ አኑሮ፣ አንደኛው ሲያልቅ ሌላውን እያስነሣ ያን አጭር ክፍል ያስረዝመው ነበር። በረዘመውም ከበሮ ላይ ግጥም መደርደር ተከተለ። ራፕ ማለት ይኸው ነው፤ በምት ላይ የሚነገር ግጥም።

ከ1978 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ያሉትን ዐሥር ዓመታት ያህል የዚህ ሙዚቃ ዐዋቂዎች «ወርቃማው ዘመን» ይሏቸዋል። በዚያ ዘመን ሁለት ሆኖ መሥራት የተለመደ ነበር፤ አንዱ ሸክላውን ያሰናዳል፣ ሌላው ቃሉን ይናገራል። ኤሪክ ቢ እና ራኪም የተባሉት ሁለቱ ባልደረቦች በ1979 ዓ.ም. ያወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው እስከ ዛሬ በአብነት ይጠቀሳል። ራኪም በወጣትነቱ ሳክስፎን ይነፋ ስለ ነበር፣ ቃሉንም እንደ ትንፋሽ መሣሪያ እያሳበ፣ ቤት የሚመታውን ድምፅ በስንኙ መጨረሻ ብቻ ሳይሆን በመካከሉም ይሰካው ነበር። ከርሱ በኋላ ከተነሡት አንዱ ናስ ነው። ናስ በኒው ዮርክ፣ ኩዊንስብሪጅ በተባለው የመንግሥት የኪራይ ቤቶች መንደር አድጎ፣ ገና በ20 ዓመቱ፣ በ1986 ዓ.ም. «ኢልማቲክ» የተባለውን አልበም አወጣ። አባቱ ኦሉ ዳራ የጃዝ ሙዚቀኛ ሲሆኑ በዚያው አልበም ውስጥ ልጃቸውን በመለከት አጅበውታል። አባት የልጁን ሙዚቃ ሳይንቅ መሣሪያውን ይዞ አብሮት መቆሙን ወላጆች ልብ ይሉታል ብለን እናምናለን።

ይኸው ናስ ከዳሚያን ማርሊ ጋራ ሆኖ ግንቦት 10 ቀን 2002 ዓ.ም. 13 ዘፈኖች ያሉበትን አንድ አልበም አወጣ። ዳሚያን የስመ ጥሩው የሬጌ ዘፋኝ የቦብ ማርሊ የመጨረሻ ወንድ ልጅ ነው። የአልበማቸው ስም ወዳማርኛ ሲመለስ «የሩቅ ዘመዳሞች» ማለት ይሆናል፤ በኒው ዮርክ ያደገው ጥቁርና በኪንግስተን የተወለደው ጥቁር በአፍሪቃ አንድ ግንድ እንዳላቸው ለማሳየት የተሰየመ ነው። በሞቃዲሾ የተወለደው ሶማሌው ኬናንም ከእነርሱ ጋራ ገብቶበታል። የዘፈኖቹ ርእስ በነገድ ተከፋፍሎ መዋጋት፣ መሪነት፣ ወዳጅነት፣ ትዕግሥት፣ የተቀበሉትን በረከት መቍጠር፣ የአፍሪቃም መንቃት ነው። ስለ ትዕግሥት የሚናገረው ዘፈን የተመሠረተው የማሊ ተወላጆች በሆኑት በዐይነ ስውራኑ ባልና ሚስት፣ በአማዱና በማርያም ዜማ ላይ ነው።

እኛን ይበልጥ የሚነካን ግን የመጀመሪያው ዘፈን ነው። ይህ ዘፈን አዝማች የለውም፤ ሁለቱ ሰዎች አንዱ የጀመረውን ሌላው እየነጠቀ፣ ስንኝ በስንኝ እየተቀባበሉ እስከ መጨረሻው ይዘልቃሉ። ከቃላቸው ሥር የሚመላለሰው ዜማ የኢትዮጵያዊው የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው። አቶ ሙላቱ በ1936 ዓ.ም. በጅማ ከተማ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው በዌልስና በለንደን ከተማሩ በኋላ፣ በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ወደሚገኘው የበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብተው ከአፍሪቃ የመጀመሪያው ተማሪ ሆኑ። ያገራቸውን አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶች ከምዕራባውያን ዐሥራ ሁለት ድምፅ ጋራ አስማምተው ያስገኙት ሙዚቃ ኢትዮ ጃዝ ይባላል። ሥራቸው በፈረንሳይ አገር በፍራንሲስ ፋልሴቶ አሰናጅነት በታተመው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ በ4ኛው ክፍል ለውጭው ዓለም ተሰማ፤ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካው ፊልም ሠሪ ጂም ጃርሙሽ ለአንድ ፊልሙ ማጀቢያ አደረገው። እንግዲህ ከኛ ወጥቶ፣ ፓሪስንና ኒው ዮርክን ዞሮ፣ በኮተቤ ልጅ ጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ተመልሶ የገባው እንግዳ ይህ ነው።

በምናስተምርበት ክፍል ይህን ዜማ ቃሉን አስቀርተን ለተማሪዎቻችን አሰማናቸው። ብዙዎቹ አወቁት፤ «የናስ ነው» አሉ። «ከናስ በፊትስ የማን ነበር?» ብለን ስንጠይቅ ክፍሉ ዝም አለ። ከወደ ኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ብቻ «የኛ ነው፤ አባቴ መኪና ውስጥ ያሰማኛል» ብላ መለሰች። ያች ልጅ ከጓደኞቿ በትምህርት የበለጠች አልነበረችም፤ ዜማውን ከነባለቤቱ የሚነግራት አባት ስላላት ብቻ ነው። የቀሩትም ጥፋተኞች አይደሉም፤ ማንም ያልነገረውን ልጅ «ለምን አላወቅህም?» ብሎ መውቀስ ግፍ ይሆናል።

ወደ እንጦጦ ኮረብታ ቀና ብንል ለዚህ ነገር ምሳሌ እናገኛለን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላ፣ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ዙሪያው ደን በማገዶ አለቀ፤ በዘመናቸውም ከአውስትራልያ ምድር የተገኘ ዛፍ መጥቶ ተተከለ። ያገራችን ሰው ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን አይቶ «ባሕር ዛፍ» አለው። ለቤት ማገር፣ ለምጣድም ማገዶ ሆኖ ከተማውን ከጭንቅ አወጣ። ዳሩ ግን ውሃ ይመጥጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። ስለዚህ በኛ ዘመን በዚያው ኮረብታ ላይ ጽድና ወይራ እንደ ገና ሲተከሉ አይተናል። የባዕድ ዘፈንም እንዲሁ ነው። ባሕር ዛፉን በጠቅላላ ቍረጡ አንልም፤ የምንለው ጽዱ አይጥፋ ነው።

ስለ ቃሉ ደግሞ እንናገር። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ራፕን ሲሰማ ፈጽሞ ባዕድ አይሆንበትም። ይህን ስንል ራፕ ከቅኔ ተወለደ ማለታችን አይደለም፤ ለእግዚአብሔር ምስጋና በማሕሌት የሚቀርበውንም ከገበያ ዘፈን ጋራ አናስተካክልም። ነገር ግን የሰው አእምሮ በቃል ሲራቀቅ የሚሄድበት መንገድ ይመሳሰላል። በጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ በመወድስም ስምንት ቤት ውስጥ ሰሙን ከወርቁ አዋሕዶ፣ ልኩን ጠብቆ፣ ትናንት የተባለውን ሳይደግም አዲስ ነገር መናገር የባለቅኔው ግዴታ ነው። የሌላውን ስንኝ ሰርቆ የተናገረ ራፐርም በባልደረቦቹ ዘንድ ይናቃል። ግራና ቀኝ ቆመው የሚቀባበሉትን ካህናት ያየ ልጅ፣ በሰርግ ቤትም አዝማሪ ከታዳሚው ግጥም ሲቀበል የሰማ ልጅ፣ የናስና የዳሚያን ቅብብል ከሰማይ የወረደ ድንቅ አይመስለውም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የቅኔ ተማሪ የዘረፈውን ቅኔ ለመምህሩ አሰምቶ ይታረማል፤ በማዳመጫው ብቻውን የሚሰማው ልጅ ግን የሚያርመው የለም።

መታረም የሚገባው ደግሞ ብዙ ነው። ከራፕ ዘፈኖች መካከል ስድብን እንደ ጀግንነት የሚቈጥሩ፣ ሴትን የሚያዋርዱ፣ ገንዘብንና መሣሪያን የሚያመልኩ አሉ፤ ይህ የተናገርንለት አልበም እንኳ ከሻካራ ቃል ፈጽሞ የነጻ አይደለም። ስለዚህ ልጁ ያገኘውን ሁሉ ይስማ የሚል ወላጅ ልጁን እንደሚወድ አድርጎ ሊቈጠር አይችልም። ነገር ግን አራሚ የሚሆነው የሚያውቅ ብቻ ነው፤ ያላነበበውን ደብተር የሚያርም መምህር የለም።

ስሕተትን በንቀት ሳይሆን በትምህርት ማቅናት እንደሚቻል ከዚሁ ከማርሊ ቤተሰብ ታሪክ መማር እንችላለን። ግርማዊ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ሲጐበኙ ራስ ተፈሪያን የተባሉት ሰዎች እንደ አምላክ አድርገው ተቀበሏቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ሰውን አታመልክም፤ ይሁንና ሰዎቹን ሰድባ አላባረረቻቸውም። በ1962 ዓ.ም. በጃማይካ ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተ፤ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮም ብዙዎችን አስተምረው አጠመቁ። ቦብ ማርሊም በ1973 ዓ.ም. ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሲያርፍ ሥርዓተ ቀብሩ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተፈጸመ። ዳሚያን ያን ጊዜ የሦስት ዓመት ልጅ እንኳ አልሞላም ነበር። የሩቁን ዘመድ ቀርቦ ማነጋገር እንዲህ ያለ ፍሬ ካፈራ፣ በገዛ ጓዳችን ያለውን ልጅ ቀርቦ ማነጋገር እንዴት ይከብደናል?

ስለዚህ ለወላጆች የምንመክረው ይህን ነው። አስቀድማችሁ ከልጃችሁ ጋራ ተቀምጣችሁ አንዱን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስሙ፤ ከዚያም ቃሉን ወዳማርኛ እንዲተረጕምላችሁ ጠይቁት። መተርጐም የማይችለውን ነገር ካለመረዳት እየደገመው እንደ ሆነ ራሱ ያያል፤ በወላጆቹ ፊት ሊተረጕመው የሚያፍርበትንም ቃል ራሱ ይለየዋል። ይህ ከመቀማት የተሻለ ፍርድ ነው፤ ፈራጁ የልጁ ኅሊና ነውና።

ቀጥሎም የዜማውን ባለቤት ስም አስጠኑት። ባገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410 የሰውን ሥራ ያለ ፈቃዱ መጠቀምን የሚከለክል ነው። ሕጉ ግን በፍርድ ቤት ብቻ አይጠበቅም፤ «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ መጠየቅን የለመደ ልጅ ነገ የባልንጀራውን የቤት ሥራ አይገለብጥም። ቅኔ ይዘረፋል እንጂ አይሰረቅም።

በመጨረሻም ከወሰዳችሁበት ይልቅ የምትሰጡት ይብለጥ። የብሮንክስን መንገድ በስም የሚያውቅ የየካ ልጅ፣ ከሰፈሩ በላይ በኮረብታው ላይ ያለውን፣ ከአለት የተፈለፈለውን ዋሻ ሚካኤልን ሳያይ ሊያድግ አይገባውም። አንድ ቅዳሜ በእግር ይዛችሁት ውጡ። በመንገድ ላይ የሚወደውን ዘፈን ያሰማችሁ፤ እናንተም የአያቱን ፉከራ፣ የበገናውን ዜማ፣ የምታውቁትንም ጉባኤ ቃና ንገሩት። ባሕር ዛፉን አልፋችሁ ወደ ጽዱ ስትደርሱ ሁለታችሁም የምትነጋገሩበት ነገር አይጠፋችሁም።