«ቀልድ ነው» የተባለው ስድብ፦ የሳውዝሌክ ትምህርት ቤት ውዝግብ ምን አሳየ?

አሜሪካ ውስጥ ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ብዙ ናችሁ። ወንድማችሁ ዲቪ ደርሶት ወይም አክስታችሁ ቀድማ ሄዳ፣ ዛሬ ልጆቻቸው እዚያ ሃይስኩል ገብተዋል። በስልክ ስታገኟቸው «ትምህርት እንዴት ነው?» ብትሏቸው «ጥሩ ነው» ብለው ያልፋሉ። አንዳንዴ ከዚህ መልስ ጀርባ ምን ሊኖር እንደሚችል ለመረዳት በቴክሳስ ግዛት የምትገኘውን የሳውዝሌክን ጉዳይ ማየት ይጠቅማል።

ሳውዝሌክ ከዳላስ ወጣ ብላ የተቆረቆረች፣ ወደ 31 ሺህ ሰው የሚኖርባት ሀብታም ከተማ ናት። የአንድ መካከለኛ ቤተሰብ ገቢ በዓመት ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ጥቁር ነዋሪዎቿ ግን እጅግ ጥቂት ናቸው። ሰው ቤት የሚገዛባት ለትምህርት ቤቶቿ ብሎ ነው። ካሮል የሚባለው ሃይስኩል በውጤቱም፣ «ድራገንስ» በተሰኘው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑም ስመ ጥር ነው። የከተማው ሰው መፈክርም «ባህላችንን እንጠብቅ» የሚል ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ከቤት ዋጋ ጀምሮ የነዋሪው ኩራት ሁሉ ከትምህርት ቤቱ ስም ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ስሙን የሚነካ ወሬ ሁሉ እንደ ጥቃት ይታያል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 አንድ ቪዲዮ ወጣ። ነጭ ተማሪዎች ግብዣ ላይ ተሰብስበው፣ በባርነት ዘመን ጥቁሮች ይዋረዱበት የነበረውን የስድብ ቃል እየሳቁ በኅብረት ሲጮኹ ያሳያል። አገር ምድሩ ተናወጠ። ብዙ ወላጆች «ጥቂት ባለጌ ልጆች ናቸው፤ ትምህርት ቤታችንን አይወክሉም» አሉ። ምናልባት ከልባቸው ነበር፤ የእነሱ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እንዲህ ያለ ነገር ነግረዋቸው አያውቁምና።

ጥቁር ቤተሰቦች በስብሰባ ላይ ተነሥተው ሲናገሩ ግን ሌላ ትምህርት ቤት የሚገልጹ ይመስል ነበር። ቃሉ በኮሪደር የሚሰማ ነው አሉ። ድሮ ጥቁሮች በገመድ ይሰቀሉ የነበረበትን ግፍ እያነሡ በልጆቻቸው ላይ የሚቀልዱ እንደነበሩ ተናገሩ። ለአስተዳደሩ አመልክተው ለውጥ እንዳላዩም ጨመሩ።

እዚህ ላይ ስለ ቃላችን አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር ዛሬ «ዘረኝነት» ሲባል ቶሎ የሚታየን የብሔር ፖለቲካ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ በቀጥታ ሄዶ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ የሚደርስበትን ምን ብሎ እንደሚጠራው ላያውቅ ይችላል። የተናገሩትን ቃል ክብደት ሳይረዳ አብሮ ሊስቅም ይችላል። ሲገባው ደግሞ ለእናቱ መንገር ያፍራል፤ ሁለት ፈረቃ የምትሠራ እናት ላይ ሌላ ሸክም መጨመር አይፈልግም። «ቀልድ ነው፣ ምን ያስቆጣሃል?» የሚለው መልስም አፉን ያዘጋዋል። እናንተም በሰው ቤት ስትሠሩ ይህን መልስ የሰማችሁ አትጠፉም። የሚቀልደው ወዲያው ይረሳዋል፤ የሚቀለድበት ግን ቀኑን ሙሉ ይዞት ይውላል።

ቦርዱ ከ60 በላይ ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴውም በ2020 ክረምት 34 ገጽ ያለው ዕቅድ አቀረበ። ለመምህራንና ለተማሪዎች ሥልጠና፣ ጉዳዩን የሚከታተል ኃላፊ፣ የዘር ስድብ ሲደርስ አቤት የሚባልበትና የሚመዘገብበት ሥርዓት ነበረበት። ተቃውሞው ግን ብርቱ ሆነ። ተቃዋሚዎቹ በተለይ የጠሉት ጥቃቅን የንቀት ንግግሮች እንኳ ይመዘገባሉ መባሉን ነው፤ ልጆቻችን ባመለጣቸው ቃል ስማቸው ይጠፋል፣ ሐሳባቸውም ይሰለላል አሉ። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። የ14 ዓመት ልጅ ያለ ዕውቀት የተናገረው ቃል እስከ ዩኒቨርሲቲ ሊከተለው ይገባል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ችግሩ ግን አንድ አንቀጽ ተስተካክሎ ዕቅዱ አልቀጠለም። በ2020 መጨረሻ ፍርድ ቤት ለጊዜው አገደው። በግንቦት 2021 የቦርድ ምርጫ ተቃዋሚዎቹ 70 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። በዚያው ዓመት መጨረሻም ዕቅዱ ተሰረዘ፤ የአቤቱታው ሥርዓትም አብሮት ቀረ።

ተማሪዎቹ ሌላ በር አንኳኩ። በ1964 የወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በዘር፣ በቀለምና በትውልድ አገር እንዳያዳላ ይከለክላል። በዚህ መሠረት የትምህርት ሚኒስቴሩ የሲቪል መብቶች ቢሮ በ2021 ምርመራ ጀመረ። በ2024 የአራት የቀድሞ ተማሪዎች ጠበቆች እንዳስታወቁት፣ ቢሮው የደረሰባቸው ትንኮሳ እውነት ሆኖ አግኝቶታል። «የቀድሞ» የሚለውን ቃል እዩ፤ መልሱ ሲመጣ ልጆቹ ትምህርት ቤቱን ለቀው ነበር። በመጋቢት 2025 ደግሞ የትራምፕ አስተዳደር ከቢሮው 12 ቅርንጫፎች 7ቱን ሲዘጋ የዳላሱም ተዘጋ።

ዳላስና አካባቢዋ የብዙ ሐበሻ መኖሪያ ነው። ለቤተሰብ ብላችሁ ገንዘብ የምትልኩ እናንተ በቤተሰብ ውስጥ ቃላችሁ ይሰማልና፣ ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን አንድ ነገር ንገሯቸው፦ ልጁ የደረሰበትን ቢነግራቸው «ተወው፣ ትምህርትህ ላይ አተኩር» ብለው ብቻ አይለፉት። ቀኑን፣ የተባለውን ቃል እንዳለ፣ ማን እንደሰማ፣ መምህሩ ምን እንዳለ ይጻፉ። ለርዕሰ መምህሩ በቃል ሳይሆን በኢሜይል ያሳውቁ። ትምህርት ቤቱ ካልሰማ፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ በ180 ቀናት ውስጥ ለፌዴራሉ ቢሮ በድረ ገጹ ማመልከት ይቻላል፤ ክፍያ የለውም፣ ወላጅም ሌላ ሰውም ስለ ልጁ ማመልከት ይችላል። የተላከው ኢሜይልና የመጣው መልስ ቅጂ ከልጁ ስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን ከወላጅም ዘንድ ይቀመጥ።