መንገዱ የሚያደርሰው ማንን ነው?

በመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ሥዕሉ ከሳንቃ በር ወደ ጨነቅ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚጠማዘዘው መንገድ ነው። ባለፈው ሰሞን ሥዕሉን እያየን ስንደነቅ አንድ የቋራ ልጅ ጓደኛችን፦ «መንገዱ ማንን ነው የሚያደርስ?» ብሎ ጠየቀን። እኛ ሳቅን፤ እርሱ ግን አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ስላልለቀቀን ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ተነሣን።

የጎንደር የመኪና መንገድ ታሪክ ሲነሣ ብዙዎቻችን ጣልያንን ጠርተን እናበቃለን። በስተሰሜን ሊማሊሞን ጠምዝዞ የሚወርደው መንገድ በወረራው ዘመን መሠራቱ እርግጥ ነው። የተሠራው ግን ለጦር ነው እንጂ ለገደሉ ውበት ወይም ለባላገሩ ጥቅም ተብሎ አይደለም፤ በወልቀፊት ምሽግ የነበረው የጣልያን ጦርም ያንኑ በር ሲጠብቅ ከርሞ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ።

ከአዘዞ በጭልጋ አድርጎ ወደ መተማ የሚወርደው የምዕራቡ መንገድ ደግሞ ከጣልያን በብዙ ይቀድማል። ጎንደርን ከስናር ጋር ያገናኝ የነበረ የነጋዴ መንገድ ነው። ቡናና ሰም ወርዶበታል፤ ሰውም በባርነት እየተነዳ ወርዶበታል፤ የታሪክ ተማሪ ነኝ የሚል ይህን ሊሸፍነው አይገባም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሽ ጋር ተዋግተው የወደቁት በዚሁ መንገድ ጫፍ ነው፤ ከተማይቱም ስማቸውን ይዛ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ኋላ ስመ ጥር ጄኔራል የሆነው እንግሊዛዊው ስሊም ጋላባትን ይዞ መተማን ሊወስድ ሞክሮ አልሆነለትም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳም ነፍሱን ለማዳን የሸሸው ብዙ ሕዝብ የገባው በዚሁ በር ነው። ከጭልጋ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ወደ 700 ሜትር ገደማ ወደሚሆነው ቆላ የሚወርደውን ይህን መንገድ ከሰሜኑ አሳንሶ አያየውም። ነገር ግን በቀን መቁጠሪያ ላይ አይወጣም፤ ምናልባት አቧራው ስለሚበዛ ይሆናል!

አሁን ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ታወጀ፤ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። ለዚህ ከተቆጠሩት ምክንያቶች አንዱ ያ በሥዕል የምናደንቀው መንገድ ነበር፤ ሌሎቹ የእርሻ መስፋፋትና የዋልያ ቁጥር መመናመን ናቸው። የጃናሞራ ሰው መንገድ ማግኘቱ ስሕተት ነበር የሚል ካለ እኛ ከእርሱ ጋር አይደለንም። በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ተራራ የሚያቋርጥ ሕዝብ መንገድ ማግኘት መብቱ ነው። ስሕተቱ ሌላ ነው፤ ይኸውም መንገዱ ቀድሞ ምክሩ መከተሉ ነው። ከፓርኩ ውጭ የሚያልፍ ሌላ መንገድ የታሰበው ኋላ ነው። በ2008 ዓ.ም. ገደማ የግጭ መንደር ሰዎች ከአባቶቻቸው ቀዬ ተነሥተው ደባርቅ ሠፈሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። መዝገቡ ተፋቀ፤ የግጭ ሰው ግን ለቀቀው ቀዬ አልተመለሰም።

ይህን ሁሉ የምናነሣው ስለ አልጣሽ ነው። አልጣሽ በቋራ ወረዳ ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋር ወሰን ለወሰን የተያያዘ፣ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በ2008 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንበሶቹን በካሜራ ወጥመድ አንሥተው ዜናው ዓለምን ሲዞር፣ የቋራ ሰው አንበሳ መኖሩን ለማወቅ ካሜራ አላስፈለገውም ነበር። ገደልና ቧሂት የለበትም፤ ሜዳ፣ ሸንበቆ፣ የዕጣን ዛፍና ክረምት ሲገባ ጎማ የሚውጥ ጥቁር አፈር ነው።

ከመካከላችን አንዳንዶች «በአልጣሽ መካከል ደህና መንገድ ይቀደድ፤ ቱሪስት ይጎርፋል» ይላሉ። አሳባቸው ከቅንነት የመጣ መሆኑን አንጠራጠርም። ሆኖም በተቀደደው መንገድ ፊተኛ የሚገባው ቱሪስት አይደለም። መጥረቢያ፣ ከሰል ጫኝና ለሰሊጥ የሚሆን መሬት ፈላጊ ነው። ሰሊጥ ቆላውን እንዴት እንደመነጠረው መተማ ላይ ያደግን እናውቀዋለን፤ አንዳንዶቻችን የተማርነውም በዚያው ሰሊጥ ገንዘብ ስለሆነ ይህን ስንናገር አንገታችንን ደፍተን ነው።

የኛ አሳብ እንዲህ ነው። ከገንዳ ውሃ በሽንፋ እስከ ገለጉ ያለው መንገድ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ ሆኖ በቅድሚያ ይሠራ፤ ወላድ ሐኪም ቤት እንድትደርስ፣ ተማሪም ትምህርት ሲከፈት በሰዓቱ እንዲመጣ። ወደ ጠረፉ የሚቀጥለውም ፓርኩን በዳር ይዙረው፤ ርቀት ቢጨምር ይጨምር። በፓርኩ ውስጥ ለጠባቂዎችና ለጎብኝዎች በጋ ብቻ የሚያገለግል የጠጠር መንገድ ይበቃል። ቀያሹ ችካል ከመትከሉ በፊት ደግሞ ጉሙዙንም አማራውንም፣ ከብት አርቢውንም ዕጣን ለቃሚውንም ዛፍ ሥር አስቀምጦ ይጠይቅ። ጥያቄው ለይስሙላ እንዳይሆን፣ «አይሆንም» የሚል መልስ ቢመጣ መስመሩን ለማዞር የቆረጠ ይሁን።

«ጸጥታ በሌለበት አገር ስለ መንገድ ማውራት ቅንጦት ነው» ያለንም ወዳጅ አለ። እውነት አለው፤ በነዚህ ዓመታት ቤተሰቦቻችንን ለመጠየቅ ስንነሣ መንገዱ ተዘግቶ የተመለስንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን የሰሜኑ ስሕተት የተሠራው ሁሉ ነገር ሲቸኩል ነው። ማሽኑ ሳይመጣ ዛሬ ካልተከራከርን፣ ማሽኑ ከመጣ በኋላ የሚሰማን ሹፌሩ ብቻ ነው።

የቋራው ጓደኛችን ይህን ረቂቅ ካነበበ በኋላ አንድ እርማት ብቻ አደረገ። «በሽተኛ በቃሬዛ» ከሚለው አጠገብ በእርሳስ «ሁለት ቀን» ብሎ ጻፈበት። ተቃውሞ ያለው አንባቢ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ ገጹ ክፍት ነው።