የአየር ማጣሪያ ለአሮጌ አውቶሞቢል ጉልበት ይጨምራልን?

የነጋዴ ሀብቱ በመደርደሪያው ላይ የተደረደረው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ስለ ዕቃው የሚናገረው ቃልም ሀብቱ ነው። ቃሉ የታመነለት ነጋዴ ዕቃው ቢያልቅበት እንኳ ደንበኛው ይጠብቀዋል፤ ቃሉ የወደቀበት ግን መጋዘኑ ቢሞላም ገዢ ያጣል። ይህ የቆየ እውነት ዛሬ የመለዋወጫ ዕቃ አስመጪዎችና ባለሱቆች ሊያስቡበት የሚገባ ሆኗል።

ነገሩ የሚመለከተው በጋራዥ ሰዎች ዘንድ ፊልትሮ እየተባለ የሚጠራውን የአየር ማጣሪያ ነው። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የኋላ በራቸው ወደ ላይ የሚከፈት ትንንሽ አውቶሞቢሎች እጅግ በርክተዋል። ከእነዚህም ዋነኛው ቶዮታ ቪትዝ ሲሆን፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. በጃፓን አገር ባለ 1 ሊትር ሞተር ሆኖ ለገበያ የቀረበ ነው። ከዚያ ዘመን አንሥቶ የሚሠራ መኪና ያለው ሰው በእንጦጦ ዳገት ላይ ጉልበት ሲያንሰው ወደ ሶማሌ ተራ መውረዱ የተለመደ ነው። እዚያም ከተራው የወረቀት ማጣሪያ ይልቅ በሽቦ ወንፊት ላይ ከተዘረጋ ጥጥ የተሠራ፥ መልኩ ያማረ፥ ዋጋውም ብዙ እጥፍ የሆነ ማጣሪያ ቀርቦለት፥ «ይህን ቢያስገቡበት ጌታዬ፥ መኪናዎ ጉልበት ያገኛል፤ ቤንዚንም ይቆጥብልዎታል» ቢባል ገንዘቡን ለመክፈል አያመነታም። ታዲያ ይህ ቃል እውነት ነውን?

መልሱን ለማግኘት የሞተሩን አሠራር መመልከት ይገባል። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ስለዚህ አየር በብዛት በገባ መጠን ጉልበት ይጨምራል የሚለው አሳብ ከመሠረቱ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ ያለው ንጹሑ የወረቀት ማጣሪያ አየሩን ያግዳል ብሎ በማሰብ ነው። የ1 ሊትር ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ሊስብ የሚችለው አየር ቢበዛ 1500 ሊትር ነው። ፋብሪካው የሠራለት ማጣሪያ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ይህን ሁሉ ያለ ችግር ያሳልፋል። የቀረችው ጥቂት እገዳ ፈጽማ ብትወገድ እንኳ፥ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት ካለው ሞተር የሚገኘው ትርፍ ከአንድ ወይም ከሁለት የፈረስ ጉልበት አያልፍም፤ ይህንንም ነጂው በዳገት ላይ ሊያውቀው አይችልም።

ከዚህም በላይ በከተማ ውስጥ የሚነዳ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ነዳጅ መስጫው ፔዳል በከፊል ብቻ ተረግጦ ነው። በዚያን ጊዜ አየሩን የሚያግደው ማጣሪያው ሳይሆን በፔዳሉ የሚታዘዘው የአየር መቆጣጠሪያ ክዳን ነው። በሩ በግማሽ ተዘግቶ ሳለ የግቢውን መግቢያ ማስፋት እንደማይጠቅም ሁሉ፥ ክዳኑ ሳይከፈት ማጣሪያውን መለወጥ ጥቅም አያመጣም።

የጉልበት ማነስ ዋነኛው ምክንያት ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቆረቆረች ስለሆነች፥ አየርዋ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ተጨማሪ አየር ገፊ መሣሪያ የሌለው ሞተር ሁሉ በዚያው መጠን ጉልበቱ ይቀንሳል። በዚህ ላይ የሞተሩ እርጅና፥ የተበላ ካንዴላ፥ የሚያንሸራትት ፍሪሲዮን፥ የሚይዝ ፍሬንና አየር ያነሰው ጎማ ሲጨመር መኪናው ዳገት መፍራቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ለእነዚህ ሁሉ መድኃኒቱ መካኒክ እንጂ ውድ ማጣሪያ አይደለም።

ይህንንም ምርመራ ያስረዳል። በአሜሪካ ኦክ ሪጅ የሚባለው ብሔራዊ ላቦራቶሪ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. በታፈነና በንጹሕ ማጣሪያ መካከል ያለውን ልዩነት ፈትኖ ነበር። ነዳጃቸው በኮምፒውተር በሚታዘዝ መሣሪያ በሚረጭላቸው መኪኖች ላይ የታፈነው ማጣሪያ የነዳጅ ፍጆታን አልጨመረም፤ ነገር ግን በንጹሕ ሲለወጥ መኪናው ፍጥነት ለመጨመር የሚወስድበት ጊዜ ከ6 እስከ 11 በመቶ አጠረ። የነዳጅ ቁጠባ የታየው በ1972 በተሠራ ባለ ካርቡራተር መኪና ላይ ሲሆን፥ እርሱም ከ2 እስከ 6 በመቶ ነበር። እንግዲህ ትርፉ የሚመጣው ማጣሪያው ከመታፈን በመዳኑ ነው። ለዚህም ተራው የወረቀት ማጣሪያ ይበቃል።

ጥቅም ባይኖረውም ጉዳት የለውም የሚል ቢኖር፥ ይህም አይደለም። የፋብሪካው ሣጥን ተነቅሎ ማጣሪያው ከኮፈኑ ሥር ክፍት ሆኖ ሲተከል ሞተሩ የሚስበው የራሱን ሙቀት ነው። ከ20 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ የሞቀ አየር ክብደቱ በ6 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ፥ ተገኘ ከተባለው ትርፍ የጠፋው ይበልጣል። የሞተሩ ድምፅ ስለሚጎላ ነጂው ጉልበት የተጨመረ ይመስለዋል፤ ጆሮ ግን የጉልበት ሚዛን ሊሆን አይችልም። ወንፊቱ የሰፋ ማጣሪያ የሚያሳልፈው ደቃቅ አቧራ ደግሞ ሲሊንደሩንና የፒስቶኑን ፋሻ እንደ ሞረድ ይበላል፤ ከዚያም መኪናው ዘይት መጠጣት ይጀምራል። በጥጡ ላይ የሚቀባው ዘይት ሲበዛም፥ የአየር መለኪያ መሣሪያ ያለው መኪና መለኪያው ይበላሽበታል።

ይሁን እንጂ ከጥጥ የተሠራውን ሁሉ መንቀፍ ትክክለኛ ፍርድ አይሆንም። በፋብሪካው ሣጥን ልክ የተሠራና በሚገባ የሚያጣራ ከሆነ፥ ባለቤቱም አጥቦና አድርቆ በመጠን ዘይት የሚቀባው ከሆነ፥ ደጋግሞ ከመግዛት ያድነዋል። እንግዲህ ነጋዴው ዕቃውን «ይታጠባል፤ ብዙ ዘመን ያገለግላል» ብሎ ቢሸጥ እውነት ተናግሯል፤ «ጉልበት ይጨምራል» ብሎ ቢሸጥ ግን ሐሰት ተናግሯል።

ነገሩ ከአንድ ዕቃ ዋጋ የሚያልፍ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ እጅግ ስለ ወረደ፥ ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ ሁሉ የሚከፈለው ብር በዝቷል። በአሮጌ ቪትዝ ሰው እያመላለሰ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ሞተሩ ቢበላበት ሌላ መኪና የሚያገኝበት መንገድ ጠቧል። እንዲህ ላለው ሰው ሞተሩ እንጀራው ነው። በባለሱቁ ቃል አምኖ በገዛው ዕቃ እንጀራው ቢጠፋ፥ ጥፋቱ በሻጩም ስም ላይ ይቈጠራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና፥ ጉልበት ያልተጨመረለት ደንበኛ አንድ ቀን ማወቁ አይቀርም።

ስለዚህ አስመጪው ዕቃውን ከማዘዙ በፊት፥ ማጣሪያው አይ.ኤስ.ኦ. 5011 በተባለው መመዘኛ የተፈተነበትን ወረቀት ከፋብሪካው ቢጠይቅ መልካም ነው። ይህ መመዘኛ ማጣሪያው ምን ያህል አየር እንደሚያግድ፥ ምን ያህል አቧራ እንደሚይዝና እስከ ምን ድረስ እንደሚያገለግል የሚለካበት ነው። ወረቀቱን ለማሳየት እንቢ ያለ ፋብሪካ ቢኖር ሌላ ፋብሪካ መፈለግ ይሻላል። ባለሱቁ ደግሞ ለደንበኛው ዕቃ ከማቅረቡ አስቀድሞ፥ አሮጌው ማጣሪያ መቼ እንደተለወጠ ይጠይቀው። በብርቱ የአየር ግፊት ደጋግሞ የተነፋ ወረቀት እንደሚቀደድ፥ የሣጥኑ ጎማ ካልገጠመም አቧራ በጎን እንደሚገባ ይንገረው። መኪናው አቧራማ መንገድ የሚበዛበት ከሆነ ማጣሪያው ከተለመደው ጊዜ ቀደም ብሎ እንዲለወጥ ይምከረው።

በዚህ ዓይነት የሚሸጠው ተራ ማጣሪያ በአንድ ጊዜ የሚያስገኘው ትርፍ ትንሽ ነው። ሆኖም በመኪናው ዕድሜ ሁሉ ደጋግሞ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ መኪናው በረዘመ ዕድሜ መጠንም ደንበኛው ለዘይቱ፥ ለካንዴላውና ለፍሬኑ ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል።